ሁለት ዓይነት የቤት ሥራ

በአማርኛችን «የቤት ሥራ» የምንለው ነገር ሁለት ነው። አንደኛው መምህር ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፎ የሚሰጠው፣ ተማሪው ማታ በደብተሩ ሠርቶ ጠዋት የሚያሳየው፣ ቀይ እስክሪብቶ አርፎበት «ራይት» ወይም «ኤክስ» ተደርጎበት የሚመለሰው ነው። ሁለተኛው እናት የምትሠራው ነው፤ ውሃ መቅዳት፣ ቤት መጥረግ፣ ሊጥ ማቡካት፣ ዕቃ ማጠብ። ይህኛውን ማንም አያርመውም፤ ማንም አይፈርምበትም፤ ሠርተው ቢጨርሱትም አያልቅም። ዛሬ የታጠበ ሣህን ነገ መታጠቡ አይቀርም። ቋንቋው ሁለቱን በአንድ ስም ለምን እንደጠራቸው የቋንቋ ሊቃውንት ያስረዱን። እኔን የያዘኝ ጉዳይ ሌላ ነው። ይኸውም «ልጅ ጽናትን በቤት ውስጥ ሥራ ይማራል» የሚለው፣ በየመጽሐፉና በየፊልሙ ደጋግመን የምናገኘው ትምህርት፣ ከሁለቱ የቤት ሥራዎች የትኛውን ይዞ እንደሚናገር ነው።

ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያውን ነው። ለዚህ ደግሞ ከ«ዘ ካራቴ ኪድ» የተሻለ ምስክር አላገኘሁም። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣውን ይህን የአሜሪካ ፊልም በእኛም ከተሞች፣ በየሠፈሩ ቪዲዮ ቤት በነበረበት ጊዜ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጣቦ ያየው ሰው ጥቂት አይደለም። አዘጋጁ ጆን አቪልድሰን በ1976 «ሮኪ»ን የሠራ ሰው ነውና የተናቀውን አሸናፊ አድርጎ ተመልካችን ከመቀመጫው ማስነሣት ያውቅበታል።

ታሪኩን ለማስታወስ ያህል፤ ዳንኤል የሚባል ልጅ ከእናቱ ጋር ከኒው ጀርሲ ወደ ሎስ አንጀለስ ይመጣል። ካራቴ የሚያውቁ ጎረምሶች እየጠበቁ ይደበድቡታል። በሚኖርበት ሕንፃ የተበላሸውን ሁሉ የሚጠግን፣ ሚያጊ የሚባል የኦኪናዋ ተወላጅ ሽማግሌ አለ። እሱ ካራቴ ሊያስተምር፣ ልጁም የታዘዘውን ሁሉ ያለ ጥያቄ ሊፈጽም ይስማማሉ። ከዚያ በኋላ ለቀናት ካራቴ የሚባል ነገር የለም። መኪናዎቹን እጠብ፤ ሰም ቀብተህ ወልውል፤ በቀኝ እጅ ቀባ፣ በግራ እጅ ጥረግ። የእንጨቱን ወለል በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍግ። አጥሩን ቀለም ቀባ፤ ወደ ላይ፣ ወደ ታች። ቤቱንም ቀባ፤ ወደ ጎን፣ ወደ ጎን። ልጁ ትከሻው እስኪዝል ይሠራል፤ በመጨረሻ «ባሪያህ አደረግኸኝ» ለማለት በሚቃጣው ንዴት ጥሎ ሊሄድ ሲነሣ ሽማግሌው ያስቆመዋል። በቡጢ ይሰነዝርበታል። የልጁ እጅ መኪና ሲወለውል በለመደው እንቅስቃሴ ቡጢውን ይመልሳል። ረገጣውንም ወለል ሲፈገፍግ በለመደው። ልጁ ደንግጦ የገዛ እጁን ያያል።

ትዕይንቱ ግሩም ነው። ስንት ጊዜ ባየው አልሰለቸኝም። ተዋናዩ ፓት ሞሪታ በዚህ ሥራው በረዳት ተዋናይነት ለኦስካር መታጨቱም ይገባዋል። ነገር ግን ትዕይንቱ ምን ይላል? የቤት ሥራው ዋጋ ያገኘው ካራቴ ሆኖ በመገኘቱ ነው። አጥሩ አጥር ሆኖ ቢቀር ኖሮ የልጁ ንዴት ትክክል ይሆን ነበር ማለት ነው፤ ፊልሙ ራሱ ይህን ያምናል። ጽናት እዚህ ላይ የተሸፋፈነ ቁጠባ ነው። ሳታውቀው ታስቀምጣለህ፤ አንድ ቀን ከነወለዱ ትቀበላለህ። ደብተሩ ታረመ፤ «ራይት» ተባለ፤ በውድድሩ ቀን ደግሞ ዋንጫ ተሸለመ። (የሽማግሌው ቤት በነፃ ቀለም መቀባቱንና መኪናዎቹ ማብረቅረቃቸውን ግን ማንም አያነሣውም።)

በ2010 ፊልሙ በአዲስ መልክ ሲሠራ ታሪኩ ወደ ቤጂንግ ሄደ፤ አስተማሪው ጃኪ ቻን፣ ተማሪው ትንሹ ጄደን ስሚዝ ሆነ። እዚህኛው ውስጥ ሥራው ይበልጥ የቤት ውስጥ ነው። ልጁ ከውጭ ሲገባ ጃኬቱን መሬት ላይ ይጥላል፤ እናቱ «አንሥተህ ስቀል» እያለች ትጨቀጭቀዋለች፤ አይሰማትም። አስተማሪው ይህን አይቶ ነበርና ትምህርቱን ከዚያው ይጀምራል። ጃኬትህን አውልቅ፤ ስቀል፤ አውርድ፤ ልበስ፤ አውልቅ። ዝናብም ይዘንባል፤ ልጁ ጃኬቱን ይሰቅላል። በኋላም እንደተለመደው እንቅስቃሴው ሁሉ ኩንግ ፉ ሆኖ ይገኛል።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር እንዲታዘብልኝ እፈልጋለሁ። ቃሉ አንድ ነው፤ «ጃኬትህን ስቀል»። እናት ስትለው ጭቅጭቅ ነው፤ ባለሙያ ወንድ ሲለው ጥበብ ይሆናል። እናትየዋ ለዓመታት ያለ ደመወዝና ያለ ሙዚቃ ስታስተምረው የኖረችውን ትምህርት፣ ሌላው በጥቂት ቀናት አስተምሮ «መምህር» ተባለ። ፊልሙ ይህን እንደ ቀልድ ያልፈዋል። እኔ ግን ከፊልሙ ሁሉ እውነተኛው ነገር ይህ ይመስለኛል፤ ሳያስበው ያመለጠው እውነት።

ለ1984ቱ ፊልም ፍትሕ ለማድረግ ግን አንድ ነገር መጨመር አለብኝ። አንድ ማታ ዳንኤል የሽማግሌው ቤት ሲደርስ ሚያጊን የድሮ የወታደር ልብሱን ለብሶ ሰክሮ ያገኘዋል። ሚያጊ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለአሜሪካ ሲዋጋ ሳለ፣ ሚስቱና ገና የተወለደው ልጁ በማንዛናር የእስር ሠፈር ውስጥ በወሊድ ሞተዋል። በዚያ ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት 120,000 ያህል የጃፓን ዘር ያላቸውን ሰዎች ከቤታቸው አንሥቶ በእንዲህ ያሉ ሠፈሮች እንዳጎረ የታወቀ ታሪክ ነው፤ ተዋናዩ ሞሪታ ራሱ በልጅነቱ እዚያ ካደጉት አንዱ ነበር። ዳንኤል ሰካራሙን ሽማግሌ አልጋው ላይ ያስተኛውና ይወጣል። በዚህች ትዕይንት ማንም አያሸንፍም። ሰውየው ግን በማግስቱ ተነሥቶ የሕንፃውን ቧንቧ ይጠግናል፤ ትንንሽ ዛፎቹን ይከረክማል። ይህን ሁሉ ዓመት ሲያደርግ የኖረው ይህንኑ ነው። የጽናቱ ትምህርት ያለው አጥሩ ላይ ሳይሆን እዚህ ነበር። ፊልሙ ግን ችኩል ነው፤ ውድድር አለበትና ትቶት ይሮጣል።

ያልሮጠ ሌላ ፊልም አለ። በጃፓናዊው ካኔቶ ሺንዶ ተዘጋጅቶ በ1960 የወጣው «ራቁቷ ደሴት» ነው። ይህን ፊልም በእኛ ቪዲዮ ቤቶች ያሳየ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ፤ ቢያሳይም ተመልካቹ ገንዘቤን መልስ ይለው ነበር። ጥቁርና ነጭ ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። ሰዎቹ አይነጋገሩም። የሚሠሩት ሥራም አንድ ብቻ ነው፤ ውሃ መቅዳት።

ቦታው በሂሮሺማ አውራጃ አጠገብ ባለው የጃፓን የውስጥ ባሕር ላይ ያለች አንዲት ኩርንችት የምታህል ደሴት ናት። አንድ ባልና ሚስት ከሁለት ወንዶች ልጆቻቸው ጋር ብቻቸውን ይኖሩባታል። መሬቱ ቁልቁለት ነው፤ ደረቅ ነው፤ ከደሴቲቱ ላይ የሚጠጣ ጠብታ ውሃ አይገኝም። ስለዚህ ገና ሳይነጋ ተነሥተው በጀልባ ቀዝፈው ወደ ትልቁ ደሴት ይሻገራሉ፤ ባልዲዎቻቸውን ይሞላሉ፤ ቀዝፈው ይመለሳሉ። ከዚያ እንጨት በትከሻቸው አጋድመው፣ በሁለቱ ጫፍ ባልዲ አንጠልጥለው፣ ዳገቱን ይወጣሉ። ጫፍ ሲደርሱ ውሃውን በመቅጃ እየጨለፉ ለእያንዳንዷ ቡቃያ በየተራ ያጠጣሉ። መሬቱ እየጠጣው ውሃው ሲጠፋ እናያለን። ባልዲው ባዶ ይሆናል። ይወርዳሉ። ይቀዝፋሉ። ለቤቱ የሚጠጣውም፣ ለማብሰያው የሚሆነውም በዚሁ መንገድ ይመጣል። ትልቁም ልጅ ትምህርት ቤት የሚሻገረው በዚያችው ውሃ በምታመላልሰው ጀልባ ነው።

ስለ ውሃ ክብደት የሚጠራጠር ሰው ካለ አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው፤ የእኛ ቢጫ ጀሪካን 20 ሊትር ይይዛል፤ ሒሳቡን ይሥራ። ሺንዶ ሒሳቡን በካሜራ ይሠራዋል። አዘጋጆች ሁሉ የሚያውቁት ዘዴ አለ፤ ሰው ዳገት ሊወጣ ሲጀምር ያሳዩናል፣ ከዚያ ቆርጠው ጫፍ ላይ ደርሶ ላቡን ሲጠርግ ያሳዩናል። ሺንዶ አይቆርጥም። ወይም ይቆርጥና ገና መሐል ላይ ናት። እንደገና ይቆርጣል፤ አሁንም መሐል ላይ ናት። የእግሯ ጣት መሬት ሲፈልግ፣ እንጨቱ ትከሻዋ ላይ ሲለምጥ፣ የባልዲው ውሃ ሲወዛወዝ እናያለን። ተዋናይቱ ኖቡኮ ኦቶዋ በፊቷ ምንም አትነግረንም። የምትነግረን በጉልበቷ ነው። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ተመልካች ይሰለቻል። ከዚያ ባልዲው እንዳይፈስ አብሮ መጨነቅ ይጀምራል። ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ደግሞ ውሃ የሚመለከትበት ዓይን ተለውጦ ያገኘዋል። ይህንን የሚያደርግ ስብከት አላውቅም።

ፊልሙን ያየሁት አክስቴ ቤት፣ አክስቴ አጠገቤ ቁጭ ብላ ነው። አክስቴ የገጠር ሰው ናት፤ እስከ ጋብቻዋ ድረስ በእንስራ ውሃ ተሸክማ ያደገች። ፊልም አትወድም፤ «ውሸት ነው» ትላለች። ይህንን ግን ሥራዋን ትታ አየችው። መጀመሪያ ያለችው «ቅጠል ብትጥልበት እኮ አይንቦጫረቅም ነበር» የሚል ነው። እውነቷን ነው፤ በእኛ አገር እንስራ የሚሸከሙ ሴቶች ቅጠል አፉ ላይ የሚያደርጉት ለዚሁ ነው። ቀጥሎ ሴትዮዋ ዳገቱ ላይ አዳልጧት አንዱ ባልዲ ሲፈስ፣ ባሏ ይመጣና በጥፊ ይመታታል፤ ትወድቃለች። ከዚያ ያለ አንድ ቃል ሁለቱም ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። አክስቴ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለችና «እሷን ከመታት የቀረውን ማን ሊቀዳለት ነው?» አለች።

ስለዚህ ጥፊ ብዙ ተጽፏል። አንዳንዱ የውሃውን ውድነት ለማሳየት ነው ይላል። ልክ ነው፤ ያሳያል። ግን ሌላም ያሳያል። ባልየው ራሱ እኩል ይሸከማል፤ እኩል ይደክማል፤ ክፉ ሰው አይደለም። ቢሆንም ባልዲ ቢፈስበት የሚመታው ሰው የለም። በዚያች ደሴት ላይ ሥራው እኩል ነው፤ ስሕተት የመሥራት መብት ግን እኩል አይደለም። ጽናትን የሚያወድሱ ጽሑፎች ይህችን ልዩነት አይወዷትም። ማን ተሸከመ ይላሉ እንጂ ሲፈስ ማን ተመታ አይሉም።

የኑሮው ደስታም አለ። ልጆቹ ትልቅ ዓሣ ያጠምዳሉ፤ ቤተሰቡ በሙሉ ደህና ልብሱን ለብሶ ከተማ ይወጣል። ዓሣው ይሸጣል፤ ምግብ ቤት ገብተው ይበላሉ፤ በሱቅ መስተዋት ውስጥ በቴሌቪዥን የምትጨፍር ሴት አፋቸውን ከፍተው ያያሉ። ማታ ይመለሳሉ። ሺንዶ ይህችን ቀን አጭር አድርጎ ያልፋታል፤ ሰዎቹ ራሳቸው እንደሚያልፏት።

ከዚያ ትልቁ ልጅ ይታመማል። አባት ቀዝፎ ተሻግሮ ሐኪም ፍለጋ ይሮጣል፤ ሐኪሙ ሲደርስ ልጁ ሞቷል። የትምህርት ቤት ጓደኞቹ ከመምህራቸው ጋር በጀልባ መጥተው ይቀብሩታል። እነሱም ይሄዳሉ። ደሴቲቱ ላይ ሦስት ሰዎች ይቀራሉ፤ ቡቃያውም ይጠማል።

የፊልሙ ትልቁ ቦታ የሚመጣው አሁን ነው። እናትየዋ እንደ ወትሮው ባልዲዋን ይዛ ዳገቱን ትወጣለች፤ ጫፍ ላይ ትደርሳለች፤ ማጠጣት ትጀምራለች። በድንገት ባልዲውን ትደፋዋለች። በስሕተት አይደለም፤ ራሷ አንሥታ ትደፋዋለች። በላብዋ ያበቀለችውን ቡቃያ በእጇ እየነቀለች ትጥላለች። መሬት ላይ ተደፍታ ታለቅሳለች። ይህን ሁሉ ሰዓት ድምፅ ያልሰማንባት ሴት ስትጮህ እንሰማለን። ባልየው ቆሞ ያያታል። ተመልካች በሙሉ ያንን ጥፊ ያስታውሳል። ሰውየው ግን አይመታትም፤ አያባብላትምም፤ አይቷት አይቷት ተመልሶ የራሱን ቡቃያ ያጠጣል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ትነሣለች። መቅጃዋን ታነሣለች። ማጠጣቷን ትቀጥላለች። ከዚያ ካሜራው ወደ ሰማይ ይወጣና ደሴቲቱን ከላይ ያሳየናል።

ሁለት ጊዜ ውሃ ፈሰሰ፤ አንዴ በስሕተት፣ አንዴ በፈቃድ። ለስሕተቱ ጥፊ፣ ለፈቃዱ ዝምታ። ሺንዶ ፊልሙን በሙሉ የሠራው እነዚህን ሁለት ባልዲዎች ጎን ለጎን ለማስቀመጥ ይመስለኛል። ባልየው በመካከሉ የተማረው ነገር አለ። ልጅን የቀበረች ሴት ውሃ የመድፋት መብት እንዳላት ያለ ቃል ተቀብሏል። እሷስ? እሷ ስትነሣ ምንም የተገለጠላት ነገር የለም። አጥሩ ካራቴ ሆኖ አልተገኘም። ውሃው ውሃ ነው፤ ልጁም አልተመለሰም። የምትነሣው ሌላው ልጅ ስለሚጠማ ነው፤ ቡቃያውም ስለሚደርቅ ነው። «ትዕግሥት መራራ ናት፤ ፍሬዋ ግን ጣፋጭ ነው» የሚለው ተረታችን እዚህ ደሴት ላይ ግማሹ ብቻ ይሠራል። አክስቴ ፊልሙ ሲያልቅ «መጨረሻ ላይ ምን አገኙ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ምንም» አልኳት። «እንግዲያው እውነት ነው» አለችና ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች።

ፊልሙን ግን እንዳለ አንጋጥጬ አልቀበለውም። በመጀመሪያ ሙዚቃው። የሂካሩ ሃያሺ ዜማ ውብ ነው፤ ደግሞም ያለ ንግግር ለሚሄድ ፊልም አንድ ነገር ሊይዘው ግድ ነው። ነገር ግን ያ ያው ዜማ ደጋግሞ እየመጣ፣ እኛ በጉልበቷ ያየነውን ድካም እንደሚያባብል ሰው ያለሰልሰዋል። መቅዘፊያው ውሃውን ሲመታ፣ እንጨቱ ሲንቋቋ መስማት በቂ ነበር። ሁለተኛ ዝምታው። ሰዎቹ በሥራ ተጠምደው ዝም ቢሉ አምናለሁ፤ እናት ልጇን ስታስታምም ስሙን አትጠራም ማለት ግን የአዘጋጁ ፈቃድ እንጂ የኑሮ ሕግ አይደለም። ሺንዶ ሰዎቹን እንደ ምሳሌ ሊያቆማቸው ሲል አንዳንድ ቦታ ሰውነታቸውን ይነካባቸዋል። በጠራራ ፀሐይ ውሃ ማጠጣታቸውንም ገበሬ የሆነ ተመልካች አይቀበለውም። ይህንን ግን ይቅር እላለሁ፤ ፀሐይዋ ለፊልሙ ታስፈልገው ነበር።

ሦስተኛው ነገር ከሁሉ ይከብዳል። እነዚህ ሰዎች ጭሰኞች ናቸው። እህሉ ሲደርስ አጭደው፣ ጭነው፣ ተሻግረው ለባለመሬቱ ያስረክባሉ። ሺንዶ ይህንን ያሳየናል፤ ግን እንደ አንድ የወቅት ሥራ፣ እንደ አበባውና እንደ ዝናቡ አድርጎ ያሳልፈዋል። እዚህ ላይ የአገራችን ሰው ኃይሌ ገሪማ በ1976 ያወጣው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ትዝ ይለኛል። እሱም ጥቁርና ነጭ ነው፤ እሱም አይቸኩልም፤ እሱም ውስጥ የገበሬ ቤተሰብ ከንጋት እስከ ምሽት ይለፋል። እዚያም ልጅ ይሞታል፤ ልጅቷ ከብት ለማዳን ስትሞክር ጎርፍ ይወስዳታል። ኃይሌ ግን ካሜራውን ከባለርስቱ ላይ አያነሣም። ገበሬው በሚደክምበት ሰዓት ባለርስቱ ተቀምጦ ሲሳደብና ሲያዝ እናያለን። የእነዚያ ሰዎች ጽናት ለማን ሲሳይ እንደሆነ አይሰወርብንም። መጨረሻውም በዚያ መሠረት ሌላ ነው፤ እንደ እብድ የሚታየው፣ ግን ነገሩ የገባው ሰው፣ ባለርስቱን ይገድለዋል። ሺንዶ ሴትዮዋን ወደ ባልዲዋ መለሳት፤ ኃይሌ ባልዲውን ማን እንዳሸከማት ጠየቀ። ከሁለቱ የትኛው ይበልጣል የሚለው ክርክር ለእኔ ከንቱ ነው። የሺንዶን ብቻ ያየ ሰው ግን ጽናትን የተፈጥሮ ሕግ አድርጎ ሊወጣ ይችላል፤ ያ አደገኛ ነው።

ምክንያቱም ይህ ነገር ሩቅ አይደለም። በአዲስ አበባ ውሃ በፈረቃ የሚመጣባቸው ሠፈሮች አሉ፤ ቧንቧው በውድቅት ሌሊት ሲንኳኳ የሚነሣው ማን እንደሆነ እያንዳንዳችን በየቤታችን እናውቃለን። ጀሪካኑን ደርድሮ የሚጠብቀው ማን ነው? ወንድ ልጅ «ነገ ፈተና አለበት» ተብሎ ይተኛል፤ እህቱም ነገ ፈተና አለባት። ለእሱ የቤት ሥራ ማለት ደብተሩ ነው፤ ለእሷ ሁለቱም። ከዚያ አንድ ቀን፣ በሠርግ ወይም በለቅሶ ላይ፣ «የጽናት ተምሳሌት» እያልን እናቶችን እናወድሳለን። ውዳሴው ውሸት አይደለም። ግን ብዙውን ጊዜ የሚናገረው የተሸከመው ሳይሆን የተሸከሙለት ነው። የተሸከመችውማ፣ አክስቴን እንዳየሁት፣ ስለ ጽናት አትናገርም፤ ስለ ቅጠሉ ነው የምትናገረው።

ልጅ በቤት ሥራ ምንም አይማርም እያልኩ አይደለም። ይማራል። ሽሮ እንዳይጎረብጥ ማማሰል፣ ውሃ ሳያፈሱ ማውረድ፣ ትናንት የጠረጉትን ቤት ዛሬ ሳያኮርፉ መጥረግ፣ ይህ ሁሉ ሰው ያበስላል። ጥያቄዬ ትምህርቱ በምን ስም እንደሚሰጥና ለማን እንደሚሰጥ ነው። ለልጁ «ይህ ነገ ዋንጫ ይሆንልሃል» ብለን የምንሰጠው ከሆነ ዋንጫው የቀረ ዕለት ባልዲውን ይጥለዋል። ለእህቱ «ሴት ነሽና ቻዪው» ብለን የምንሰጣት ከሆነ ደግሞ ያስተማርናት ጽናትን አይደለም። ያስተማርናት ጥፊው ተገቢ እንደሆነ ነው።

የሺንዶ ነገር አንድ ፈገግ የሚያሰኝ ጎን አለው። ፊልሙን ሲሠራ ከጓደኞቹ ጋር ያቋቋመው ትንሽ ድርጅት ሊዘጋ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። በጥቂት ገንዘብና በጥቂት ሰው፣ የመጨረሻችን ነው ብለው የሠሩት ሥራ በ1961 በሞስኮ የፊልም ፌስቲቫል ታላቁን ሽልማት አገኘ፤ በብዙ አገሮች ተሸጠ፤ ድርጅቱም ዳነ። ዋጋ የሌለው ልፋት ላይ የተሠራ ፊልም ዋጋ አገኘ። ሰውየውም ከዚያ በኋላ ዘጠና ዓመት ካለፈውም በኋላ ሲሠራ ኖሮ በ2012 በመቶ ዓመቱ ዐረፈ። ሚያጊ ቢሰማ «አላልኩህም?» ይል ነበር።

ፊልሙን ለማሳየት ለሚፈልግ ሰው አንድ ጥሩ ነገር አለ፤ ንግግር የለበትምና ትርጉም አያስፈልገውም። ነጭ አንሶላ፣ ማሳያ መሣሪያና መብራት ያለው ማንኛውም የሠፈር አዳራሽ ሊያሳየው ይችላል። መብራት የማይጠፋበትን ቀን መምረጥ ግን ነው። ደግሞም ውሃ የማይመጣበትን ቀን ይምረጥ፤ አለዚያ መታየት የሚገባው ለእነሱ የሆኑት ሴቶች ቧንቧው ጋ ይሆናሉ። ሙዚቃውንም ትንሽ ዝቅ ያድርገው።